ውሃ ችግር የሆነበት ሞተር

ባለቤቴ ፀሐዬ ሞተር ሲያዳምጥ ፊቱ ላይ የሚመጣውን መልክ፣ እኔ ሳወራው በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳ አላየሁበትም። ሞተር ሲሆን ዓይኑን ጨፈን፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይሰማል። እኔ ሳወራ ሬዲዮ ይከፍታል። ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ጄነሬተርና የውሃ ፓምፕ ሲጠግንባት ኖሯል። ሥራውን ያውቃል፤ እንደሚያውቅም ያውቃል።

ከሁለት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሰፋ ሱቋ ፈረሰች። ፀሐዬ የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ቤት ገባና ከሶፋው ጎን አስቀመጠው፤ ራሱንም ሶፋው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አልተነሡም። ሳጥኑን እንግዳ ሲመጣ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ባሌን ምን ላልብሰው? ሰው ሲጠይቀው «እ... በቃ፣ ደኅና ነው» ይላል፤ ሌላ የለም። በኋላ ስለ ወጡ ጨው እንኳ መጨቃጨቅ ተወ። ያኔ ነው የፈራሁት።

ታናሽ ወንድሜ ሐብታሙ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለው፤ ሰው ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳል። ግንቦት ላይ የጀልባው ሞተር እየጋለ መቆም ጀመረ። እዚያው ዝዋይ ጠጋኝ አለ፤ ጎበዝ ነው ይባላል። እኔ ግን ይህን ስሰማ ልቤ ሌላ ነገር አሰበ።

«ለጋሽ ፀሐዬ ላክለት» አልኩት በስልክ።

«እትዬ፣ ጋሽ ፀሐዬ የጀልባ ሞተር አይተው ያውቃሉ?»

«ሞተር ሞተር ነው።»

«እሱማ ነው፤ ግን እዚህ ያለው ሰውዬ በግማሽ ቀን...»

«ሐብታሙ! ላክ አልኩህ፣ ላክ!»

ታላቅ እኅት መሆን ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል?

ማክሰኞ ዕለት ሞተሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሰው ወንበር ይዞ መጣ። ሁለት ተሸካሚዎች እያለከለኩ ዳገቱን ሲያወጡት ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጣ። የጎረቤታችን የባለ ሱቋ የጀዊሪያ ዓይን ከብርድ ልብሱ አልነቀል አለ።

«ሠርካዲስ፣ ምንድን ነው?»

«የጀልባ ሞተር።»

ወደ ሰማዩ ቀና አለች። «ዘንድሮ ክረምቱ ይሄን ያህል ይከብዳል ተባለ እንዴ?»

ፀሐዬ ከሶፋው ተነሣ። እውነቴን ነው፣ ማንም ሳይጠራው ተነሣ። ሞተሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከላይ ማሽኑ፣ ከታች ረጅም እግር፣ እግሩ ጫፍ ላይ ፕሮፔለር። በጣቱ መታ መታ አደረገው። ወንድሜ ምን ብሎ እንደላከው ግን አልጠየቀኝም፤ ዱሮም ባለ ንብረት አይጠይቅም። «ባለ ንብረት የሚያወራው የፈራውን ነው፤ እኔ የምፈልገው የተበላሸውን ነው» ይላል። እኔም ደስ ስላለኝ አፌን ዘጋሁ። ማታ ወጡ ላይ ጨው በዛ ብሎ ተቆጣኝ፤ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ረቡዕ ረቡዕ የቤት ኅብረታችን እኛ ቤት ነው የሚሰበሰበው። አሥራ ሁለት ሰው ሳሎናችን ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ሞተሩም ጥግ ላይ ቆሟል፤ አሥራ ሦስተኛ ይመስል ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ወልዱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከመክፈታቸው በፊት አዩት።

«ፀሐዬ፣ ይህን ትችለዋለህ?»

«ካቃተኝማ ሳጥኔን ለለሊሳ እሸጥለታለሁ፤ በቃ፣ ከእንግዲህ መካኒክ ነኝ አልልም» አለ ፀሐዬ።

ለሊሳ ሸጎሌ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ ሳጥኑን ሽጡልኝ ማለት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ባሌን አየሁትና ሳቄን መለስኩት። እየቀለደ አልነበረም። ለሁለት ዓመት ሲያብሰለስለው የኖረውን ነገር ነው ያወጣው፤ ይህ ሞተር እምቢ ካለው ራሱን ጭምር ሸጦ ሊገላገል ነው።

ጸሎቱ መሐል ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐብታሙ ነው። ሮጬ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ወንድሜ ሐይቅ ላይ ሆኖ ሲደውል ስልኩን የሚያምነው አይመስለኝም፤ ድምፁ በራሱ አዲስ አበባ እንዲደርስ ነው የሚጮኸው።

«እትዬ! ለጋሽ ፀሐዬ ንገሪያቸው! ሞተሩ መሽናት አቁሟል!»

«ምን?»

«አይሸናም! ጤነኛ ሞተር ከኋላው ይሸናል፤ ይሄ ድርቅ ብሏል! ሽንቱን ነው ማየት ያለባቸው!»

ጆሮዬ ጋለ። የውሃ ዳር ሰው ቀልድ መሰለኝ። ስልኩን ዘግቼ መጋረጃውን ስገልጥ አሥራ ሁለት ሰው ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል፤ መሐል ላይ ጋሽ ወልዱ። እኔ ደግሞ የሴቶች አገልግሎት ሰብሳቢ ነኝ።

«ምን አለ?» አለ ፀሐዬ፣ የማይጠይቀው ሰውዬ።

«እ... ማለቴ... ውሃ ችግር ሆኖበታል አለ» አልኩ።

እንዲህ ያለ ጨዋ አነጋገር ከየት እንዳመጣሁት እኔም ገረመኝ። ጋሽ ወልዱ «ጌታ ያግዘው» አሉ፤ ሁሉም አሜን አለ። ፀሐዬ ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ። ውሃ ገብቶበታል» አለ። እንግዲህ ወንዶች ይግባባሉ ብዬ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ሐሙስ ጠዋት ማድረቅ ተጀመረ። ለጄነሬተር መካኒክ ከውሃ የባሰ ጠላት የለም። ፀሐዬ ሞተሩን ግቢው ውስጥ ብርድ ልብስ ላይ ፈታታው። ካንዴላዎቹን አወጣ፣ ካርቡራቶሩን አጠበ፣ ቤንዚኑን ለወጠ፤ ከዚያ ሁሉንም ፀሐይ ላይ አሰጣው። ፀሐይ አልበቃው ሲል የልጃችንን የፀጉር ማድረቂያ አወጣ። የእንግዳ ፎጣዬንም ወሰደ፤ ስጠይቀው «ጥጥ ነው፣ ጥሩ ይመጥጣል» አለኝ።

ረፋዱ ላይ ጮክ ብሎ ጠራኝ።

«ይኸው! ይቺን ቀዳዳ አየሻት?»

ከሞተሩ ኋላ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች።

«ውሃው የሚገባው በዚች ነው። እንዴት ያለ ፋብሪካ ነው ውሃ ላይ የሚሠራ ዕቃ ቀዳድዶ የሚሸጠው?»

በብረት ማጣበቂያ ደፈናት። ሲጨርስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ፤ የፋብሪካውን ስሕተት በማረሙ ኮራ። እኔም ኮራሁበት፤ ምን አውቄ!

ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አግዳሚ ወንበር ላይ አሰረውና ገመዱን ሳበ። በሦስተኛው ዱዱዱዱ ብሎ ተነሣ! ግቢው በጭስ ተሞላ፣ ጀዊሪያ ከአጥሩ ማዶ እልልታውን አቀለጠችው። ፀሐዬ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፤ ያን ሳቁን ካየሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ደቂቃ ግን አልሞላም። የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ሲጥ ብሎ ቆመ። ፀሐዬ ቢነካው ጣቱን ፈጀው።

«ውሃው ገና አልወጣለትም» አለ ጣቱን እየነፋ።

ዓርብም አደረቀ። ይበልጥ በደረቀ ቁጥር ይበልጥ ቶሎ ይግላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሞከረና አግዳሚው ወንበር ላይ ከሞተሩ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ሁሉንም በየቦታው ሳጥኑ ውስጥ አስተኛቸው። ስልኩን አወጣ።

«ለሊሳ፣ ነገ ጠዋት ናና ውሰድ። አዎ፣ ሙሉውን። በቃ።»

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሽንኩርት አልከተፍኩም፣ ግን አለቀስኩ። ሞተሩን ለዝዋዩ ሰውዬ ብተወው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ባል ነበረኝ፤ ላነሣው ብዬ መሬት ጣልኩት።

ሞተሩን እንዴት እንደምመልሰው ልጠይቅ ለሐብታሙ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ሸናላቸው?»

«አንተ ይሄን ነውር ንግግርህን አትተውም?»

«የምን ነውር? እትዬ፣ ሞተሩ እኮ በእግሩ ከሐይቁ ውሃ ይስባል። ያ ውሃ ሙቀቱን ያበርድለትና ከኋላ በትንሿ ቀዳዳ ቀጥኖ ይወጣል። መሽናት የምንለው እሱን ነው። እኛ ስንነዳ ዞር እያልን እሱን ነው የምናየው፤ ካልሸና ሳይቃጠል ቶሎ ማጥፋት ነው። ነግረሻቸዋል አይደል?»

በመስኮት አየሁ። ቀዳዳዋ በማጣበቂያ ተደፍና ታበራለች።

«ነግሬዋለሁ» አልኩ። «በጨዋ ቋንቋ።»

ወደ ግቢው ወጣሁ። እንዳጋጣሚ ጋሽ ወልዱ ሊያጽናኑት መጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ቢሄዱልኝ ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ፤ እሳቸው ግን ለማጽናናት ከተቀመጡ ቶሎ የሚነሡ ሰው አይደሉም።

«ፀሐዬ፣ ረቡዕ ዕለት ሐብታሙ ያለኝ ውሃ ችግር ሆኖበታል አይደለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ጋሽ ወልዱን አየሁ። ጋሽ ወልዱ አዩኝ።

«መሽናት አቁሟል ነው ያለው።»

«ማን?» አሉ ጋሽ ወልዱ ደንግጠው።

«ሞተሩ! ጤነኛ ሲሆን ይሸናል! ውሃ ስቦ፣ በርዶ፣ በዚያች በደፈንካት ቀዳዳ ይሸናል! በሰው ፊት ማለት አፍሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአንተ እጅ አይደለም።»

ጋሽ ወልዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ያለ ችግር በእኛም ዕድሜ ያጋጥማል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም» አሉ።

ፀሐዬ ሞተሩን አየ፣ ፀጉር ማድረቂያውን አየ፣ እኔን አየ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ሳደርቅ የነበረው ውሃ የጠማውን ሞተር ነው?»

«አዎ።»

«ለአንዲት ቃል ብለሽ!»

ዞር ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። እስክንተኛ ድረስ አላናገረኝም፤ ግን የተቆጣ ሰው ዝምታ ነበር። የሁለት ዓመቱን ዝምታ ለምጄው ስለነበር ይህ እንደ ጨዋታ ሆነልኝ።

ገና ሳይመሽ ማጣበቂያውን ፍቆ ቀዳዳዋን ከፈተ፤ የሞተሩን እግርም ፈታ። ውሃውን የምትገፋው ስድስት ክንፍ ያላት ትንሽ ጎማ ናት። ከስድስቱ ክንፍ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የተቆረጡት ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ተወትፈዋል። «ገሚሱን ወንድምሽ፣ ገሚሱን እኔ ያለ ውሃ አስነሥቼ ነው የጨረስነው» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጎማዋ።

ቅዳሜ በጠዋት ጎማዋን በወረቀት ጠቅልሎ መርካቶ ሊወርድ ተነሣ። በር ላይ ቆመና ሳያየኝ ተናገረ።

«ለሊሳ ከመጣ ሳጥኑን ስጪው።»

«ሞተሩስ?»

«የጀልባ ጎማ መርካቶ አይገኝም፤ የሚመስል ባገኝ ነው። ባይሆንስ? ሰውዬውን ና ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ብቻ ሦስቱን ትንንሽ ቁልፎች እስከ ማታ ይተውልኝ በይው።»

ወርዶ ሄደ። ግቢው ውስጥ ሞተሩ ተበታትኖ ተኝቷል፤ ብሎኖቹ በእንግዳ ሳህኔ ውስጥ ናቸው።

ለሊሳ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናውን ከታች አቁሞ ዳገቱን ወጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ሳጥኑን ልወስድ ነበር።»

«አይሸጥም።»

«ጋሽ ፀሐዬ ራሳቸው ናቸው ትናንት የደወሉልኝ።»

«አውቃለሁ። አይሸጥም።»

«የሳጥኑ ባለቤት እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። የእሳቸው ባለቤት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ለሊሳ ጭንቅላቱን አከከ። በትከሻዬ በኩል አጮልቆ የተበታተነውን ሞተር አየ።

«ሞተሩ ተሠራ ማለት ነው?»

«አልተሠራም። ምናልባትም አይሠራም» አልኩት። «ሻይ ትጠጣለህ?»

ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ። ከባሌ ቃል ወጥቼ አላውቅም። ግን ያ ሳጥን ከወጣ ባሌ አብሮት ይወጣል፤ እኔ ዘንድ የሚቀረው ሶፋ ነው።

ፀሐዬ ስድስት ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። አንዲት የውሃ ፓምፕ ጎማ አግኝቷል፤ ትንሽ ትሰፋለች። ሳጥኑን ሲያየው ቆም አለ።

«ለሊሳስ?»

«አልወሰደውም» አልኩት፤ እውነት ነው።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ማታ ይመጣል» አለና ምሳውን በችኮላ ጎራርሶ ተቀመጠ። ጎማዋን በምላጭ እየቀረፈ ልኳን አመጣ። ቱቦውን በሽቦ ጠረገ፣ እግሩን ገጠመ፣ ብሎኖቹን ከሳህኔ አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ ቀና ብሎ በርሜሉን አየ። ቀጨኔ ላይ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ በርሜሉ የሳምንት ውሃችን ነው። በርሜሉን አየና እኔን አየ።

«ውሰደው» አልኩ።

ጋሽ ወልዱ መጥተው ነበር። ጀዊሪያም ሱቋን ዘግታ መጣች። ሞተሩ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ታሠረ፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ገባ። ፀሐዬ ገመዱን ሳበ። ተነሣ! ማርሹ ግን ገብቶ ኖሮ ፕሮፔለሩ ሩቡን በርሜል አንሥቶ ጋሽ ወልዱ ላይ ደፋው። ማርሹን አወጣ። ሁላችንም ከኋላ ዞረን ቀዳዳዋን ማየት ጀመርን። አራት አዋቂ ሰው ጎንበስ ብሎ አንዲት ቀዳዳ ያያል።

ምንም የለም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቀዳዳዋ ደርቃለች። የፀሐዬ እጅ ማጥፊያው ላይ ነው። ጌታ ሆይ፣ አልኩ በልቤ፣ ይሽና አልልህም፤ ግን የምፈልገውን ታውቃለህ።

ቀዳዳዋ አንድ ጊዜ ትፍ አለች። ጭቃ ወጣ። እንደገና ትፍ አለች። ከዚያ ክር የመሰለ ውሃ ብድግ ብሎ ወጣና ግቢው ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ አላቋረጠም።

«ሸና!» ብለው ጮኹ ጋሽ ወልዱ፣ ከእግር እስከ ራሳቸው በስብሰው። «ሸና! ሸና! ሃሌሉያ!»

በር ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ። ጀዊሪያ «የተጨነቅንበት በሽተኛ ነው» አለቻቸውና መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ፀሐዬ ሞተሩን አሥር ደቂቃ አስነሥቶ አቆየው፤ በእጁ እየነካ፣ ለብ ከማለት አላለፈም። አጠፋውና እጁን በእንግዳ ፎጣዬ ጠረገ።

ወዲያው ስልኩን አወጣ። ድምፁ በሱቁ ዘመን እንደነበረው ነው።

«ለሊሳ! እንዳትለፋ፣ ሳጥኑ አይሸጥም! ሞተሩ ተነሣ! ... እ? ... መቼ? ... ጠዋት?»

ከዚያ ሰማ። ረጅም ጊዜ ሰማ። እኔ የተደፋውን ውሃ መጥረግ ጀመርኩ፤ ግቢ ላይ የተደፋ ውሃ እንደማይጠረግ አውቃለሁ። ስልኩን ዘጋ።

«ጠዋት መጥቶ ነበር?»

«አዎ።»

«አይሸጥም አልሽው?»

«አልኩት።»

«ሠርኬ፣ ጠዋት እኮ ሞተሩ መሬት ላይ ተበትኖ ነበር።»

«ነበር።»

«ምናልባትም አይሠራም ብለሻል አሉ።»

«ብያለሁ።»

ጋሽ ወልዱንና ጀዊሪያን አየ፤ እነሱ በርሜሉን ማየት ጀመሩ። ካቻቢቴውን ከመሬት አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«ምሳ አለ?» አለኝ በመጨረሻ።

ምሳ ከበላን ገና ሁለት ሰዓት አልሞላንም ነበር።

«አለ» አልኩት።